የጄቤዝ ቀኝ ዓይን

ወተቱ ከማሰሮው አፍ አንድ ጣት ርቆ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ኬዝያ ታኬት እጇን አልሰበሰበችም። የምድጃ ጥላሸት ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት በመዳፏ ከድናው ነበርና፣ የምትቀዳው በአንድ ዓይኗ ብቻ እያየች ነው። ወተቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ አልፎ ጫማዋ ላይ ሲንጠባጠብ፣ እሷ ግን የምታየው ያለፈውን እሑድ ነበር።

እሑድ ዕለት ልጇ ጄቤዝ ከሚሠለጥንበት እርሻ ለአንድ አፍታ መጥቶ፣ እዚችው ጠረጴዛ ላይ የፖም ጠጁን ከኩባያው ውጪ ቀድቶት ነበር። "ምነው ልጄ፣ ሳትጠጣ ሰከርህ?" ብላ ጨርቅ ስታቀብለው፣ እጁን ዘርግቶ መጀመሪያ የጨበጠው አየሩን ነው። እሱም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሰባት ወልዳ ስድስቱን የቀበረች፣ ቅጠል ኮሽ ሲል ጣሪያው ተናደ ብላ የምትደነግጥ ሴት፣ ያን ዕለት ብቻ ምንም አልጠረጠረችም።

"አያይም" አለች ለባዶው ቤት። "ልጄ በቀኝ ዓይኑ አያይም።"

ዛሬ ማክሰኞ ነው። በሰባት ሰዓት ጄቤዝ ከላንክሻየሩ ሲላስ ግሪምሾ ጋር፣ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ለመባል፣ በባዶ ጡጫ ይጋጠማል።

ብሪስቶል ድልድይ ላይ የጫማ ማሰሪያ እየሸጠ የሚውል ሄዝል የሚባል ሰው አለ። በጉብዝናው ዘመን ጌቶች በሠረገላቸው ያንሸራሸሩት ቡጢኛ ነበር። መጀመሪያ አንዱ ዓይኑ ሄደ፤ ዓመት ሳይሞላ ሌላው ተከተለው። ኬዝያ በዚያ ድልድይ ባለፈች ቁጥር፣ መቅሠፍቱን ከደጇ እንደምታባርር ሁሉ፣ ከሄዝል አንድ ማሰሪያ ትገዛለች። በሯ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ አርባ የሚሆኑ ተንጠልጥለዋል። አሁን ዓይኗ እነሱ ላይ ዐረፈ። ወተቱን ሳትጠርግ፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ሮጠች።

የጎረቤቷ የኦባዲያ ጋሪ ሊነሣ ነበር። ኦባዲያ አንድ እግሩን የከሰል ጉድጓድ የበላው ሽማግሌ ነው። በፓርሎ መጠጥ ቤት የሚቀመጠው የኪንግስዉድ ከሰል ቆፋሪዎች የዕድር ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ የሚንጠለጠለው በእሱ አንገት ላይ ነው።

"ፓርሎ ጋ አድርሰኝ፣ አያ ኦባዲያ! ቶሎ በል!"

"ምን ሆነሻል? ቤት ተቃጠለ?"

"ንዳው ብቻ!"

"እኔስ ወዴት የምሄድ መሰለሽ? ኪንግስዉድ እንዳለ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ድመቷ ብቻ ናት የቀረችው፤ እሷም የምታስይዘው ስላጣች ነው።"

የፓርሎ መጠጥ ቤት ደጅ በሰው፣ በፈረስና በጋሪ ተጨናንቋል። ግጥሚያው በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሜዳው የት እንደሆነ የሚነገረው በዕለቱ ጧት፣ በፓርሎ አፍ ብቻ ነበር። ውርርዱን የሚይዘውም እሱ፣ ጄቤዝን ሜዳ ውስጥ የሚያግዘውም እሱ ነው። የማዕድኑ ጸሐፊ በርሜል ላይ ቆሞ የለንደን ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነባል።

"'ታኬት ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ግራ እጁ ፈጣን፣ ትንፋሹ የማያልቅ ነው። ግሪምሾ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፤ ቀኝ እጁ መዶሻ ነው፣ ሆዱ ግን ለስላሳ ነው።'"

"ለስላሳ ነው ያለው ማነው? መትቶት ያውቃል?"

"ጋዜጠኛ ምን ቸገረው? በብዕር ነው የሚመታው!"

"ስድስት ለአራት በታኬት!" ብሎ ጮኸ አንድ ሰው ፈረሱ ላይ ሆኖ። በጄቤዝ ላይ ስድስት የወርቅ ጊኒ የሚያስይዝ ሰው፣ ጄቤዝ ቢያሸንፍ የሚያተርፈው አራት ብቻ ነው። ይህን ያህል ታምኖበታል።

ኬዝያ በክርን እየተጋፋች ገብታ ፓርሎን ከበርሜሎቹ ጀርባ አገኘችው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጣቶቹ ሁሉ በቀለበት የተሞሉ ሰው ነው።

"አቶ ፓርሎ፣ ግጥሚያውን አስቁሙልኝ። ልጄ በቀኝ ዓይኑ አያይም።"

ፓርሎ ግራና ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማነው በይ ያለሽ?"

"ማንም! ዛሬ ጧት ነው የገባኝ። ወተት ስቀዳ…"

"ወተት ስትቀጂ!" ፓርሎ ጉንጩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "ይቺ ከሁሉም ትበልጣለች። ስንት አስያዝሽ፣ እማማ ኬዝያ?"

"እኔ በዕድሜዬ ተወራርጄ አላውቅም!"

"ጥሩነቱ እሱ ነው እንጂ። አምና የአንዱ ቡጢኛ ሚስት፣ ባሌ ደም ተፋ ብላ እዚሁ ደጃፍ ላይ ደረቷን ስትመታ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሱ ዋጋ ወደቀ። ቤተሰቡ በርካሹ አስይዞ፣ ሰውየው ደግሞ እንደ ኮርማ ተነሥቶ አሸነፈ። አሁን ቤታቸው ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ግን እሷ እንዳንቺ አላለቀሰችም። አቤት እንባሽ! አሁን ይበቃል፤ ፊትሽን ጥረጊ።"

"በልጄ እምላለሁ፣ አቶ ፓርሎ!"

"ማይ፣ ማይ። ደጅ ወጥተሽም ማይ።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከበርሜሎቹ ማዶ የቆመ አንድ የፈረስ ነጋዴ ሁሉን ሰምቶ ኖሮ፣ ኬዝያ ደጅ ስትወጣ ወሬው ቀድሟት ወጥቷል። የብሪስቶል ጌቶች ከሠረገላቸው ጎንበስ እያሉ ይንሾካሾካሉ። ስድስት ለአራት የነበረው እኩል ለእኩል ሆነ። ጥቂት ቆይቶም በጄቤዝ ላይ አንድ ላስያዘ ሁለት እንሰጣለን የሚሉ ድምፆች ተሰሙ። "ዋጋውን ከቀነሱበት ግጥሚያውን ይተዉታል" ብላ ለአፍታ ተስፋ አደረገች።

ጋሪው ጋ ስትደርስ ኦባዲያ አንገቱ ላይ ቁልፉ የለም። ፊቱ በርቷል።

"ኬዝያ፣ ከዛሬ ጀምሮ እግርሽን እስማለሁ! ሦስታችንም ባለቁልፎች እዚሁ ነበርን። ሣጥኑን እንዳለ አስያዝነው። ሰማንያ ሦስት ፓውንድ፤ በአንድ ሁለት!"

"የዕድሩን?"

"የዕድሩን! እነዚያ ሐር ለባሾች አመኑሽ እኮ!"

"አያ ኦባዲያ፣ እውነቴን ነው። ልጁ አያይም።"

"እውነትሽን ነው" አለ ሽማግሌው ዓይኑን እየጠቀሰ። ከዚያም አንገቱን ወደ መንገደኛው አውጥቶ፣ "ምስኪን ልጅ! ታወረ አሉ፣ እናቱ ይኸው ታለቅሳለች!" እያለ ጮኸ።

ጋሪው እንደ ጎርፍ ከሚተመው ሰው ጋር ወደ ሜዳው ጉዞ ጀመረ። አሥራ ሁለት ማይል ነው። ኬዝያ የሽርጧን ጫፍ እየጠመዘዘች አሰበች። ሕግ አለ። የሰላም ዳኛ ካዘዘ ሁለቱም ቡጢኞች ታስረው ይውላሉ። ልጇ ቢታሰር! ለልጇ እስር ቤትን የምትመኝበት ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። የሰር ሃምፍሪ ዎልኮት ግቢ በር ሲደርሱ ከጋሪው ዘለለች።

"ዳኛ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?" አለ ኦባዲያ። ወዲያው ደግሞ ገባውና በደስታ ጭኑን ጠፈጠፈ። "ዳኛውንም! በይ ግቢ፣ እጠብቅሻለሁ።"

ሰር ሃምፍሪ ቁርስ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ሁለት አዳኝ ውሾች ተኝተዋል፤ ቀይ ኮት የለበሰ አሽከር ከወንበራቸው ጀርባ ቆሟል። ኬዝያ እጅ ነሥታ ወለሉን እያየች ተናገረች።

"ጌታዬ፣ ዛሬ የቡጢ ግጥሚያ አለ። ሕግ ይከለክላል። ያስቁሙልኝ።"

"ግጥሚያ? በወረዳዬ?" አሉ ዳኛው፣ እንቁላላቸውን እየሰበሩ። "ማንም አልነገረኝም።"

"እኔ ነገርኩዎት፣ ጌታዬ። አንደኛው ልጄ ነው። በቀኝ ዓይኑ አያይም፤ ሌላኛው ከተመታ ይጨልምበታል።"

የዳኛው ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ቀና ስትል ዓይኗ አንገታቸው ላይ ዐረፈ። ከነጩ የአንገት ጨርቅ ሥር ሰማያዊ መሐረብ ብቅ ብሏል፤ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። የጄቤዝ ቀለም ነው። ጠርዙን የዘመዘመችው እሷ ራሷ ናት፤ ካዘጋጀቻቸው ሃያ አራት መሐረቦች አንዱ። መሐረቡን የወሰደ ደጋፊ፣ ልጇ ካሸነፈ አንድ ጊኒ ይከፍላል፤ ከተሸነፈ ምንም።

"ቀረብ በይ" አሉ ዳኛው በለሰለሰ ድምፅ። "ቀኝ ነው ያልሽው? እርግጠኛ ነሽ? ከመቼ ወዲህ?"

"እሑድ ዕለት አየሁት ጌታዬ። ከዚያ በፊት አላውቅም።"

"ለሌላ ሰው ነግረሻል?"

"ለፓርሎ። አላመነኝም።"

"አላመነሽም" አሉ ዳኛው፣ ቃሏን እንደ ጣፋጭ እያጣጣሙ። "እኔ ግን አምንሻለሁ፣ አንቺ ሴት። እናት በእንዲህ ያለ ነገር አትዋሽም።"

ኬዝያ ተንበርክካ እጃቸውን ልትስም ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት ስበው ሦስት መስመር ጻፉና ለአሽከሩ ሰጡት፤ በጆሮውም አንድ ነገር አሉት። አሽከሩ ሮጠ። ወዲያው ከግቢው የፈረስ ኮቴ ተሰማ።

"እስር ቤት ነው የላኩት፣ ጌታዬ?"

"ሁሉም በሥርዓቱ ይሆናል። ወጥ ቤት ሂጂና ዳቦ ይስጡሽ።"

መንገድ ላይ ኬዝያ ዳኛው ልከዋቸዋል ያለቻቸውን ወታደሮች በየኮረብታው ጠበቀች። ሜዳው እስኪታይ አንድም አልመጣም።

አሥር ሺህ ሰው ይሆናል። መሐል ላይ በእንጨት ካስማ ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ውስጥ ሣሩ ላይ መስመር ተጭሯል። የወደቀ ቡጢኛ ግማሽ ደቂቃ ዕረፍት አለው፤ ተነሥቶ ያን መስመር ካልረገጠ ተሸነፈ። ጄቤዝ ከሜዳው ጥግ በቆመ የድርቆሽ ጋሪ ላይ፣ ካፖርት ደርቦ ተቀምጧል። እናቱን ሲያይ መላ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ለካ እንዲህ ነው የሚያየው! ሙሉ ፊቱን አዙሮ፣ እንደ ዶሮ።

"ፓርሎ ነገረኝ" አለ፣ ከመናገሯ በፊት። "ኪንግስዉድን እንዳለ እንዳሳቅሽ።"

"ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ በዝግታ፣ "ከመጋቢት" አለ። "በልምምድ ላይ አውራ ጣት ገባበት። ጨለማው እንደ መጋረጃ ወረደበት። የባዝ ከተማ ሐኪም፣ 'ግራውን ጠብቀው፤ ብዙ ከተመታ እሱም ይከተላል' አለኝ።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?"

"ልሸነፍ" አለ ጄቤዝ። "በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ዙር፣ ደህና አድርጎ ሲያገኘኝ፣ እወድቅና መስመሩ ላይ አልደርስም ብዬ ነበር። ሳልሞክር ብቀር ፈሪ ይሉኛል፤ ተመትቼ ብወድቅ ማን ምን ይላል? ብዙ የሚከስሩት ጌቶች ነበሩ። ጌቶች ከስረው ራት አያጡም። ከዚያ ወደ ቤት፣ ወደ ከሰሉ።"

"እንግዲያው እንደሱ አድርግ! እንደሱ አድርግልኝ፣ የኔ ልጅ!"

"አሁን የዕድሩ ሣጥን እኔ ላይ ተይዟል፣ እማዬ። አባዬን የቀበረው ሣጥን። የመበለቶቹ ገንዘብ። ከወደቅሁ ነገ የሚሞት ሰው በምን ይቀበራል?" ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣት በወደደች። "ትናንት ማታ ሣጥኑ ተቆልፎ ቦታው ላይ ነበር።"

ኬዝያ የካፖርቱን እጅጌ ያዘች። "ልጩህ? ለሰው ሁሉ ልንገር?"

"ጩኺ። ምን የሚሉሽ ይመስልሻል?"

ምን እንደሚሏት አወቀች። ፓርሎ መጥቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና፣ "ደግ ነው፣ እዚህም አልቅሺ፣ ገና ሰው እያስያዘ ነው" አላት። ጄቤዝ እንደ ቡጢኞች ወግ፣ ለመጋጠም ዝግጁ ነኝ ሲል ባርኔጣውን ወደ ገመዱ ውስጥ ወረወረ። ሜዳው አገሳ።

ኬዝያን ከፊቷ ካለው የባርኔጣ ጫካ በቀር ምንም አይታያትም። ኦባዲያ ጋሪው ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ይነግራታል።

"ተነሥተዋል! ጄቤዝ በግራ… አገኘው! ደም! ግሪምሾ ደማ!"

"የኔስ? የኔ ልጅ ዓይኑ?"

"ደህና ነው! ብቻ ይሄ ላንክሻየሬ ምን ነካው? ዝም ብሎ በአንድ ወገን ይዞራል። በጄቤዝ ቀኝ በኩል። ዞሮ ዞሮ ወደ ቀኝ!"

ኬዝያ የጋሪውን ጎማ ረግጣ ተንጠለጠለች። በግሪምሾ ማዕዘን፣ ውኃ ከሚያቀብሉት ሰዎች መሐል፣ ቀይ ኮት የለበሰ ሰው ቆሟል። ግሪምሾ ቀና ባለ ቁጥር ሰውየው በጣቱ የገዛ ቀኝ ዓይኑን ነካ ነካ ያደርጋል። ከኋላው ባለው ሠረገላ ላይ ሰር ሃምፍሪ ዎልኮት ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ ያለው መሐረብ አሁን ቢጫ ነው፤ የግሪምሾ።

ወረደች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እሷ ግን አልደረሰባትም፤ ራሷ በሁለት እግሯ ሄዳ ጠርታው መጣች። ላላመኗት ነግራ ሣጥኑን አስያዘች። ላመኗት ነግራ ዓይኑን አሳየች። ዛሬ ጧት አፏን ዘግታ ወተቷን ብትጠርግ ኖሮ ልጇ በአራተኛው ዙር ይወድቅላት ነበር።

አራተኛው አለፈ። አሥረኛውም አለፈ። ጆሮዋን ብትይዝም የኦባዲያ ድምፅ በጣቶቿ መሐል ይገባል። "ወደቀ! … ተነሣ! መስመሩ ላይ ነው! … ግራ ዓይኑ አብጧል። … ፓርሎ እብጠቱን በሰንጢ በጣው፣ ጎበዝ! … አሁን ያያል! … ወደቀ። ተነሣ!" በሃያኛው ዙር የኦባዲያ ድምፅ ሻከረ። በሠላሳኛው መዘገብ አቁሞ፣ "ተወው ልጄ፣ አሁንስ ተወው" እያለ ያጉተመትም ጀመር። ከዚያ በሠላሳ አራተኛው፣ ግሪምሾ ባለ በሌለ ኃይሉ የሰነዘረው ቀኝ እጅ የጄቤዝ ግንባር አጥንት ላይ ተሰበረ። ስብራቱ እስከ ጋሪው ተሰማ ይላሉ። ግሪምሾ ግማሽ ደቂቃው ሲያልቅ እጁን አቅፎ እንደተቀመጠ ቀረ። ጄቤዝ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ በእግሩ ጣቶች ሣሩን እየዳበሰ፣ መስመሩን ፈልጎ ቆመ።

ወደ ቤት ያመጡት በኦባዲያ ጋሪ፣ በዘፈን ነው። ቤቷ እስከ ደጁ ሞላ። ሰው ሁሉ ትከሻዋን ይስማል፣ "እማማ ኬዝያ ትኑርልን!" ይላል። የዕድሩ ሣጥን ሞልቶ መክደኛው አልገጥም አለ፤ ኦባዲያ ሃያ ወርቅ ቆጥሮ ሽርጧ ላይ ጣለላት። ፓርሎ የመሐረቦቹን ጊኒዎች ጠረጴዛው ላይ ከመረና፣ "ሃያ ሦስት ናቸው። አንዱ ጌታ ቀለማቸውን ቀይረው ነበር" ብሎ ሳቁ አነቀው። "ሁለት መቶ ጊኒ ከስረዋል! ዳኛውን እንኳ አታለልሻቸው፣ አንቺ ሴትዮ!"

"ሂዱልኝ" አለች ኬዝያ። "ልጄ ይተኛ።"

"ይተኛ፣ ይተኛ፤ ለመስከረም ሌላ ግጥሚያ ይዤለታለሁ!"

አንድ በአንድ አስወጣቻቸው። ጄቤዝ ወንበሩ ላይ፣ እሑድ በተቀመጠበት ቦታ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ተቀምጧል። ውኃ ለብ አድርጋ ግራ ዓይኑን አጠበችለት። የደረቀው ደም ለቀቀ። የተበጣው ሽፋን በጣቷ ሥር ቀስ ብሎ ተከፈተ። የሰኔ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ግድግዳውን፣ ወርቁን፣ የደረቀውን ወተትና የልጇን ፊት አቅልታዋለች። የተከፈተው ዓይን ወደ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ነበር።

"መሽቷል እንዴ?" አለ ጄቤዝ።

ኬዝያ ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠች። "አዎ፣ ልጄ" አለች። "መሽቷል።"

"ታዲያ ሻማ አብሪ እንጂ። ዛሬስ አትቆጥቢ፣ ሻምፒዮን ነኝ እኮ።"

"እሺ። መጀመሪያ በሩን ልዝጋ።"

ደጁ ላይ ልጆች በፀሐይ እየተጫወቱ ነበር። በሩን ገፍታ ስትዘጋው ምስማሩ ላይ የተንጠለጠሉት ማሰሪያዎች እጇን ነኩት። ሳታያቸው ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።